«እማዬን መንገድ ላይ አሰጣሻት» አለኝ

የምክር ዓምድ

ይድረስ ለአማካሪያችን፤

ጤና ይስጥልኝ። የሐዋሳ ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ 33 ነው። የምኖረው ከእናታችን በወረስነው ቤት ነው። ቤቱ የኔና የታላቅ ወንድሜ ነው፤ ገና አልተካፈልንም። ወንድም ጋሼ ሥራውም ትዳሩም አዲስ አበባ ነው።

እማዬ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ዕድሜዋን ሙሉ ደጃችን ላይ ዓሣ ስትጠብስ ነው የኖረችው። ጠዋት ሐይቁ ዳር ካለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርዳ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ታመጣለች፤ ከሰዓት ትጠብሳለች። ሁለታችንንም ያስተማረችን በዚያ ነው።

ግንቦት ላይ አንድ ሥዕል የተማረ የሰፈራችን ልጅ መጣና መንገድ የሚያየው ግድግዳችን ላይ እማዬን ልሣላት ብሎ ጠየቀኝ። ልጅ ሆኖ በነጻ ታበላው ነበር። እሺ አልኩት። እንዴት አድርጎ እንደሣላት ብነግርዎት! ሻሿን አስራ፣ ጎንበስ ብላ፣ ከብረት ድስቱ ፊት ናት። ቀኝ እጇ ላይ ዘይት ያቃጠላት ጠባሳ እንኳ አልቀረም። ከኋላዋ ሐይቁና ታቦር ተራራ አሉ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ አየ። ያለቀሱም ነበሩ። አሁን ባጃጆች «ዓሣ ጠባሿ ጋ» እያሉ ሰው ያወርዳሉ።

ለወንድም ጋሼ አልነገርኩትም ነበር። ለታኅሣሥ ገብርኤል ሲመጣ ሳያስበው ያያታል ብዬ ነው። ግን አንድ ሰው ፌስቡክ ላይ ለጠፈውና ቀድሞ አየው። ወዲያው ደወለ። «እማዬን መንገድ ላይ አሰጣሻት። ገመናችንን አደባባይ አወጣሽው። ከገብርኤል በፊት ነጭ ቀለም አስቀቢው፤ አለዚያ እኔው መጥቼ አጠፋዋለሁ» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም።

ነገሩ ሰፈር ውስጥ ተሰማና ሰው ተቆጣ። የእድራችን ሰብሳቢ «አይነካም!» አሉ። ወጣቶቹ ፊርማ አሰባሰቡ፤ ከሰማንያ ሰው በላይ ፈርሟል። ክረምቱ የግድግዳውን ታች ስላበላሸው ለማደሻ ገንዘብ እየተዋጣ ነው። አንድ ቀለም ቤትም የሱቄ ስም ጥግ ላይ ከተጻፈ ቀለሙን በነጻ እሰጣለሁ ብሏል። ሁሉም ፊርማውን ለወንድም ጋሼ ላኪለት ይሉኛል። ሰፈሩ እማዬን እንዲህ ሲወዳት ደስ ይለኛል። ግን ያለኝ አንድ ወንድም ነው። ጠዋት ስወጣ «እንደምን አደርሽ እማዬ» እላታለሁ፤ ወዲያው ደግሞ እሱ ትዝ ይለኝና ሆዴ ይባባል። ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ፣ ከሐዋሳ

ውድ እህቴ፤

ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ ጠባሳው ላይ ቀረ። ልጁ ያቺን ጠባሳ የት አያት? ዓሣውን ሲቀበል ነዋ። የራበው ልጅ ከፊት ይልቅ እጅ ያያል። ይህንን ሳስብ ሥዕሉ ይጥፋ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። ግን ደግሞ «ሰፈሩ በሙሉ ካንቺ ጋር ነው፤ ምን ያስፈራሻል?» ብዬም ልሸኝሽ አልችልም። ስልክሽን ማንሳት ያቃተው ወንድም አለሽ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰፈሩ ምን እንዳለ፣ የእድሩ ሰብሳቢ ምን እንዳሉ፣ ወንድምሽ ምን እንዳለ በደንብ ጽፈሽልኛል። አንቺ ምን እንደምትፈልጊ ግን መጨረሻ ላይ ብቻ፣ ያውም በጨረፍታ ነው የነገርሽኝ። ሥዕሉ እንዲቆይ የምትፈልጊው ስለሚያምር ነው? ሰው ስለወደደው ነው? ወይስ እናትሽ ካረፉ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብሽ ነበርና አሁን ጠዋት የምትሰናበቻቸው ሰው ስላገኘሽ ነው? ማንኛውም ቢሆን ነውር የለውም። ግን መጀመሪያ ለራስሽ መልሺው። ለወንድምሽ የምትነግሪው እሱን ነውና።

አሁን ወደ እሱ እንምጣ። «አሰጣሻት» ማለቱ ያማል። በጎ ነገር አደረግሁ ብለሽ ስትጠብቂ እንዲህ ያለ ቃል መስማት ቀላል አይደለም። እስኪ ግን እሱ በቆመበት ቦታ ሆነን ግድግዳውን እንየው። ጎረቤት እዚያ ላይ የሚያየው ያበሉትን እናት ነው። በዱቤ የሰጡትን፣ ለተማሪ አንድ ቁራጭ የጨመሩትን። ይህ እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ወንድምሽ ግን ያደገው ከድስቱ ጀርባ ነው። ሰው ዓሣውን በልቶ ሲሄድ እሱ ጭሱ ውስጥ ይቀራል። ዩኒፎርሙ ዓሣ ዓሣ ሲሸት ክፍል ውስጥ ምን ተብሎ ይሆን? ዘይቱ እጃቸውን ያቃጠላቸው ቀን አጠገባቸው ቆሞ ነበር? ያቺን ጠባሳ ሠዓሊው ሲሥላት እጃቸውን ከነደግነቱ አስታውሶ ነው። ወንድምሽ ሲያያት ጩኸታቸው ይሰማው ይሆናል።

ታላቅ ነው። አንቺ ነፍስ ሳታውቂ ያለፈውን ክፉ ቀን እሱ ያውቀዋል። ምናልባት ለአንቺ እንዳይነገርሽ ተብሎ እሱና እናትሽ ብቻ የያዙት ነገርም ይኖራል። ይህንን ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? «እማዬ ስትጠብስ አንተ ምን ይሰማህ ነበር?» ብለሽ? ብዙዎቻችን ከወንድም እህቶቻችን ጋር አንድ ቤት አድገን እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሳንጠያየቅ ነው የምናረጀው።

ሌላም ልታውቂው የሚገባ ነገር አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ አደባባይ ላይ ማሳየትን ይከለክላል። ሰውየው በሕይወት ከሌለ ደግሞ ምስሉ ክብሩን ወይም ስሙን የሚነካ ከሆነ ቤተሰቡ መቃወም ይችላል። በእኔ ዓይን ይህ ሥዕል እናትሽን ያከብራቸዋል እንጂ አይነካቸውም። ይህንን የነገርኩሽም ፍርድ ቤት እንድትሄዱ አይደለም፤ እንዳትሄዱ ነው። የወንድምሽ ቅሬታ ከመሬት ተነስቶ የመጣ እንዳልሆነ ግን እወቂለት። ቤቱ የሁለታችሁ ነው። እናትየውም የሁለታችሁ ናቸው። ሰማንያ ሰው ቢፈርም ይህ አይለወጥም።

እናም ፊርማውን አትላኪለት። ይህንን አጥብቄ ነው የምልሽ። ወረቀቱ ለአንቺ የፍቅር ማስረጃ ነው፤ እሱ ሲያየው ግን ያደገበት ሰፈር በሙሉ ተሰልፎ የመጣበት ነው የሚመስለው። ያ ሰፈር እኮ የሱም ነው። ከፈረሙት ውስጥ እሱን በጀርባቸው ያዘሉት፣ አብረውት ኳስ የተጫወቱት አሉ። አሁን በቁጣ ስሙን የሚያነሱትን ወጣቶች ሰብስቢና «ስለ ወንድሜ ክፉ አትናገሩ፤ እሱም የእማዬ ልጅ ነው» በያቸው። ፌስቡክ ላይ የለጠፈውንም ሰው ፈልጊ። ከሥሩ ወንድምሽን የሚሰድብ አስተያየት ካለ እንዲያጠፋው ለምኚው። ሰፈሩ እናትሽን እወዳለሁ እያለ ልጃቸው በገብርኤል ቀን አንገቱን ደፍቶ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ከሆነ፣ ይህ ድጋፍ ለማን ነው?

ወረቀቱን ግን አትቅደጂው። ጥቅም የሚሰጥበት ቦታ አለ። ቤትሽ መንገድ ዳር ነው። ነገ የመንገድ ሥራ ወይም ኮሪደር ልማት መጥቶ የፊት ግድግዳዎች አንድ ዓይነት ቀለም ይቀቡ ቢባል፣ ቀበሌ ይዘሽ የምትቀርቢው ያንን ፊርማ ነው። እዚያ የሰው ብዛት ይሠራል። ወንድምሽ ዘንድ አይሠራም።

ስልክ ካላነሳ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላኪለት። ድምፅሽን ይስማ፤ ጽሑፍ ቁጡ ሰው ሲያነበው ይቆጣል። አጭር ይሁን። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «ወንድም ጋሼ፣ ሳልነግርህ ስላደረግሁት ይቅርታ አድርግልኝ። ቀድሜ ልነግርህ ይገባ ነበር። እስክትመጣ ድረስ ሥዕሉን ማንም አይነካውም፤ አይጨመርበትም፣ አይጠፋም። ስትመጣ አንተና እኔ ብቻችንን እናየውና የሚሰማህን ንገረኝ። እሰማሃለሁ።» በቃ። «ግን ሰዉ ሁሉ ወዶታል» የምትለዋን አትጨምሪ። ይቅርታ የምትጠይቂው ሳትነግሪው ስላደረግሽው ነው፤ ስለ ሥዕሉ አይደለም። ሁለቱን ካደባለቅሻቸው እሱ ጥፋትሽን አምነሻል ብሎ ቀለሙን ይዞ ይመጣል፤ አንቺም ያላመንሽበትን ይቅርታ ጠይቀሽ ቂም ትይዣለሽ።

ካልመለሰልሽ ሽማግሌ ለመላክ አትቸኩዪ። ሽማግሌ ሲመጣበት ክስ የተመሠረተበት ይመስለዋል። ይልቅ ሚስቱ ጋ ደውዪ፤ ደህንነቱን ጠይቂ። እንደ ምንጊዜውም ለገብርኤል ቤቱ እንደሚጠብቀው ንገሪያት። ስለ ግድግዳው እሷን አማላጅ አታድርጊያት፤ መሃል ላይ መቆም ይከብዳታል።

ሲመጣ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ቡና ጥሪ። ከእናትሽ ጋር አብረው የሠሩ ወይም በቅርብ የሚያውቋቸው አንዲት ትልቅ ሴት ሰፈር ውስጥ አይጠፉም። እሳቸው ስለ ሥዕሉ አይናገሩ። ስለ እናትሽ ያውሩ። ማንን እንዳበሉ፣ የማንን ዱቤ እንደተዉ፣ ልጃቸው ፈተና ያለፈ ቀን ምን እንዳደረጉ። ልጆች የእናታቸውን ድካም ያውቃሉ፤ እናታቸው ለሌላው ሰው ምን እንደነበሩ ግን የሚነግራቸው ከሌለ አያውቁም። ምናልባት ወንድምሽ ይህንን ታሪክ ከጎረቤት አፍ ሰምቶት አያውቅም። ሠዓሊውም በአንዱ ቀን ይምጣና ያቺን እጅ ለምን እንደሣላት በራሱ አፍ ይንገረው። የሰማንያ ሰው ፊርማ ያላደረገውን ይህ ሊያደርግ ይችላል።

የኔን ስሜት ልደብቅሽ አልፈልግም። ሥዕሉ ቢቆይ ደስ ይለኛል። በጥንት አብያተ ክርስቲያናቶቻችን ግድግዳ ላይ ከቅዱሳኑ ሌላ የምናገኘው ነገሥታቱንና ሥዕሉን ያሠሩትን ባለጸጎች ነው፤ ከቅዱሳኑ እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ከፍሎ ያሠራ ሰው መልኩ ይቀርለታል። ዓሣ ጠብሳ ልጆች ያሳደገች ሴት ግን ማን ይሥላታል? ያበላችው ልጅ አድጎ፣ ተምሮ፣ ማንም ሳይከፍለው ሣላት። ይህ በየመንደሩ የሚገኝ ነገር አይደለም። ለወንድምሽም አንድ ቀን፣ ቁጣው ሲበርድ፣ ይህንን ንገሪው። መጀመሪያ ቀን ግን አይደለም።

አብራችሁ ካያችሁት በኋላም «አልወደድኩትም» ካለ፣ ምኑን እንደሆነ ጠይቂው። ድስቱ ነው? ሻሹ ነው? ጎንበስ ማለታቸው ነው? አንዳንዴ ሰው ሁሉንም ይጥፋ የሚለው አንዷን ነገር ማየት ስላቃተው ነው። እናትሽ በገብርኤል ቀን ምን ይለብሱ ነበር? ምናልባት እሱ የሚያስታውሳቸው በሐበሻ ቀሚስና በነጠላ፣ ቀና ብለው ሲሄዱ ይሆናል። ሠዓሊው ከፈቀደ ያንን ማምጣት ይቻላል። ወይም እናትሽ በሸራ ተሥለው ቤት ውስጥ ይግቡና ሐይቁና ታቦር ግድግዳው ላይ ይቅሩ። ወይም ለአንድ ዓመት ይቆይና በሚቀጥለው ገብርኤል እንደገና ተነጋገሩበት። የደጅ ሥዕል በፀሐይና በዝናብ ራሱም ይደበዝዛል፤ በየጊዜው ይታደስ አይታደስ ብላችሁ መነጋገራችሁ አይቀርም። ይህ ሁሉ ተሞክሮም ልቡ እምቢ ካለ ግን፣ እህቴ፣ ወንድምሽን ምረጪ። ከብዶኝ ነው የምልሽ። እናታችሁ ቢጠየቁ የሚመርጡት የትኛውን ይመስልሻል?

ሠዓሊውን ግን እንዳትረሺው። በዚህ ሁሉ ጩኸት መሃል ልቡ የሚሰበረው እሱ ነው። በ1996 በወጣው አዋጅ ቁጥር 410 መሠረት የፈጠራ ሥራው ስሙንና ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይበላሽ ወይም እንዳይለወጥ የመቃወም መብት አለው። ግድግዳው የእናንተ ቢሆንም ሥራው የሱ ነው። ስለዚህ ሌላ እጅ አይጨመርበት፤ የሚለወጥ ነገር ካለ እሱ ይለውጠው። ዛሬ ነገ ሳትዪም ጥላ የሌለበት ሰዓት መርጣችሁ በጥሩ ካሜራ ፎቶ አንሡት፤ ሙሉውን አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ፊታቸውን፣ እጃቸውን ለየብቻ። ነገሩ እንዴትም ቢያልቅ ሥራው ተመዝግቦ ይቀመጥለታል።

የቀለም ቤቱን ነገር አመስግነሽ ተዪው። የሱቅ ስም እናትሽ አጠገብ የተጻፈ ቀን ወንድምሽ ያለው እውነት ይሆናል። በዚያ ላይ የንግድ ስም ግድግዳ ላይ ሲወጣ ማስታወቂያ ነው፤ የማስታወቂያ አዋጁ ቁጥር 759/2004 ይመለከተዋል፣ ፈቃድም ይጠየቅበታል። ያላሰብሽው ጣጣ ነው።

የተዋጣውን ገንዘብ በተመለከተ ከእድሩ ሰብሳቢ ጋር ቁጭ በይ። ልባቸው ቅን ነው፤ ግን «አይነካም» የሚለው ቃል የእሳቸው አይደለም። በአክብሮት ንገሪያቸው፤ ይገባቸዋል። «ጋሼ፣ ስላሰቡልን እግዜር ይስጥልን። ወንድሜ እስኪመጣ ቀለም አይገዛ። ማን ስንት እንዳዋጣ ይመዝገብልኝ፤ ሥዕሉ ካልቀጠለ ብሩን የምንመልስ ነን» በያቸው። አዋጥተናል የሚል ሰው ነገ በግድግዳሽ ላይ ድምፅ አለኝ እንዳይል ከአሁኑ ግልጽ ይሁን።

ግድግዳው ራሱ ግን ወንድምሽን አይጠብቅም። ታቹ የተበላሸው ቀለሙ መጥፎ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። የጭቃ ቤት ላይ ሲሚንቶ የተለሰነ ከሆነ፣ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ ሲረጨውና ከሥር እርጥበት ሲስብ ልስኑ ይነፋና ይላቀቃል። በዚያ ላይ ኳርትዝ የሚባለውን ቀለምም ቀቡት ሌላ፣ በሚቀጥለው ክረምት ይረግፋል። ሥዕሉ ያረፈበት የተነፋ ልስን ወንድምሽ መጥቶ ከተነጋገራችሁ በኋላ ይነሣ፤ በጋውን በደንብ ይድረቅ። ከአሁኑ ግን ሥዕሉን የማይነካውን ሥራ ጀምሪ። ከግድግዳው ሥር ውሃ የሚሄድበት ቦይ ይቆፈር። ጣሪያው አሸንዳ ከሌለው ይገጠምለት። ሰፈሩ እጁን መዘርጋት ከፈለገ ለዚህ ይዘርጋ፤ ወጣቶቹ ቦዩን በአንድ ቅዳሜ ይጨርሱታል። ለወንድምሽም በድምፅ መልእክቱ መጨረሻ ላይ «የቤቱ ታች ውሃ እየበላው ስለሆነ አሸንዳ ላስገጥም ነው፤ ምን ትላለህ?» ብለሽ ጠይቂው። ስለ ሥዕሉ መልስ ባይሰጥሽ እንኳ ስለ አሸንዳው ይመልስልሽ ይሆናል።